ስሱ ቆዳ እንዴት ይለያል?

ስሱ ቆዳ የሚባለው ሌላውን ሰው በማይጎዳ ነገር፣ በሳሙና ወይም በቅባት፣ በነፋስ ወይም በላብ፣ የሚቆጠቁጥ፣ የሚለበልብ፣ የሚያሳክክ ወይም ጉንዳን እንደሄደበት የሚወርር ቆዳ ነው። ስለ ማሳከክ የሚያጠኑ የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ብያኔ መሠረት፣ ስሜቱ ከሌላ የቆዳ በሽታ የመጣ መሆን የለበትም። ቆዳው ሊቀላ ይችላል፤ ደህና መስሎም ሊታይ ይችላል። በብዛት የሚያስቸግረው ፊት ላይ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሐኪሙ የሚያየው ምልክት ላይኖር መቻሉ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ ራሱ በቀላሉ አይለይም፤ ጠቆር ብሎ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተጠግቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዋናው መሣሪያ ጥያቄ ነው፤ ምን ሲነካው፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ የት ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ።

የቆዳ ሐኪሞቹ ፍሮሽ እና ክሊግማን በ1977 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ሙከራ ላክቲክ አሲድን፣ ማለትም እርጎን የሚያኮመጥጠውን አሲድ፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ በሚወርደው እጥፋት ላይ መቀባት ነው። ተመርማሪው የመቆጥቆጡን መጠን ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። ያም ቢሆን የሚቆጠቁጠው ሁሉ ቆዳው ስሱ አይደለም፤ ስሱ የሆነውም ሁሉ አይቆጠቁጠውም። ለብቻው የሚያስተማምን ምርመራ እስካሁን የለም።

በርበሬ ቀንጥሶ ጣቱ የተቃጠለ ሰው የችግሩን አንድ መንገድ በራሱ አካል ያውቀዋል። በነርቭ ጫፍ ላይ የሚገኘው የበርበሬን ማቃጠልና ከ43 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ በላይ ያለን ሙቀት የሚቀበለው አካል፣ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ በ1997 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳየውና በ2021 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ነው። በስሱ ቆዳም ይኸው ተቀባይ ያለ በቂ ምክንያት ይነቃል ተብሎ ይጠረጠራል።

ከምርመራው ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ሌላውን በሽታ ማግለል ነው። ኤክዜማ (ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ብግነት) እና ሮዛሲያ (ፊትን የሚያቀላ የቆዳ በሽታ) መታየት አለባቸው። የንክኪ አለርጂ ከተጠረጠረ፣ የቆዳ ሐኪሙ ያዳሶን በ1895 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘዴ፣ ተጠርጣሪዎቹ ነገሮች ጀርባ ላይ በትንንሹ ይለጠፋሉ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሱና ውጤቱ በዚያኑ ጊዜና ከቀናት በኋላ ዳግመኛ ይነበባል።

በእኛ አገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ለማድያት ወይም ቆዳን ለማንጣት የሚቀቡትን ክሬም ነው ባይ ነኝ። ብዙዎቹ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት፣ አለባቸው፤ ለወራት ተቀብተው ሲያቆሙ ፊት ይለበለባል። ይህ መድኃኒቱ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ አያያዙም የተለየ ስለሆነ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል።

ሌላ በሽታ ካልተገኘ ቅባቱ ሁሉ ይቆምና አንድ በአንድ፣ በየሳምንቱ ይመለሳል። እስከዚያው ፊትን ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይበቃል። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ሎሚ የሚቀባም አለ፤ የሎሚ ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ደህናውንም ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።