«ተገጭታ አታውቅም» የተባልኳት መኪና

መኪናዋን ከገዛሁ ሦስተኛ ወሬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረና ጠዋት የኋላውን ስከፍት ምንጣፉ ረጥቧል። ምንጣፉን አነሳሁ፤ ስኮርታ ጎማውን አወጣሁ። ጎማው በሚያርፍበት ጎድጓዳ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ተኝቷል። ውሃውን በጨርቅ ጨልፌ በስልኬ መብራት ሳይ፣ ወለሉና የኋላው ላሜራ የሚገናኙበት መስመር በማሸጊያ ተደፍኗል። በቀኝ በኩል ያለው ቀጥ ያለና ንጹሕ የፋብሪካ ሥራ ነው። በግራ በኩል ያለው ግን ልጅ ጭቃ የለጠፈበት ይመስላል። በጣቴ ስዳብሰው ላሜራው ራሱ ወልገድ ብሏል።

ሻጩ «ተገጭታ አታውቅም» ብሎኝ ነበር። እኔም ቀለሟን አይቼ አመንኩት። ጉዳዩን ለሰው ሳወራ የሚነግሩኝ ነገር ብዙ ነው፤ ግማሹን እኔም ስገዛ አምንበት ነበር። አንድ በአንድ ላንሳው።

«ቀለሟ ፏ ካለ ንጹሕ ናት»

እንደውም አንድ ያገለገለ መኪና ከዕድሜው በላይ ፏ ካለ «ለምን?» ማለት ነው የሚያዋጣው። የተጎዳ ላሜራ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ (ተለጥፎ የሚደርቅ መሙያ) ተሞልቶ፣ ተፈግፍጎ ሲቀባ ከአዲስ አይለይም። የሚለየው ውፍረቱ ነው። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 180 ማይክሮን ይሆናል። 1000 ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን አይታይም። ለዚህ ሲባል የተሠራች፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ መለኪያ አለች። ሦስቱ በሮች 120 አካባቢ ሲያነቡ አራተኛው 700 ካነበበ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ ግን ጭረት ለመሸፈን በድጋሚ የተቀባ ሊሆን ይችላል። እሱ ወንጀል አይደለም።

መለኪያ ከሌላችሁ የበሩንና የመስታወቱን ጎማ ገለጥ አድርጉ። በችኮላ የቀባ ሰው ጎማው ላይ ቀለም ያስነካል።

«ማግኔት ይዤ ከሄድኩ በቂ ነው»

ማግኔት ወፍራም ስቱኮ ላይ አይጣበቅም፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ መኪና ላይ ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው፤ ኮፈናቸው አሉሚኒየም የሆነም አሉ። እዚያ ላይ ማግኔት ድሮም አይጣበቅም። ስቱኮው ሳሳ ካለ ደግሞ ጠንካራ ማግኔት ያለ ችግር ይጣበቃል። ከምንም ይሻላል፣ ከዚያ አያልፍም።

«መካኒኬ አይቶልኛል»

የኔም አይቶልኝ ነበር። ሞተሩን አዳመጠ፣ ዘይቱን አየ፣ ነዳት፣ «ሞተሯ ምንም አይልም፣ ግዛት» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ሞተሯ እስካሁን ምንም አላለም። ምንጣፉን ግን አላነሳም። እኔም አንሳልኝ አላልኩትም።

ሞተር የሚያውቅና አካል የሚያውቅ ሰው ይለያያሉ። ከውሃው በኋላ ባትላሜራ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው ቁልፉን እንኳን አልተቀበለኝም። ኮፈኑን ከፍቶ ማጠፊያውን የያዙትን ብሎኖች በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። «እነዚህ አልተነኩም» አለ። የብሎን ጭንቅላት ላይ ያለ ቀለም ማዕዘኑ ላይ ከተላጠ፣ መፍቻ ገብቶበት ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ጎድጓዳው ውስጥ አጎነበሰ። ፋብሪካ ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዘው በነጥብ ብየዳ ነው። ክብ ክብ ምልክቶች በእኩል ርቀት ተሰልፈው ይታያሉ። በቀኝ በኩል ቆጠረልኝ፤ እንደ አዝራር ተደርድረዋል። በግራ በኩል አንዱም የለም፤ በመፍጫ የተስተካከለ የእጅ ብየዳ ብቻ። «ወንድሜ፣ ይቺ ከኋላ በደንብ ተመትታለች» አለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

የመስታወቶቹንም ጥግ አሳየኝ። እያንዳንዱ መስታወት ላይ የተመረተበትን ዓመት የሚጠቁም ጽሑፍ አለ። የኋላው ከሌሎቹ በሁለት ዓመት ዘግይቶ የተመረተ ነው። መስታወት በጠጠርም ይሰበራል፤ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከብየዳው ጋር ሲደመር ግን ይናገራል።

«ኤርባጉ ካልፈነዳ ግጭቱ ቀላል ነው»

ኤርባግ የሚከፈተው ግጭቱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣና መኪናዋ ምን ያህል በድንገት እንደቆመች ታይቶ ነው። ከኋላ የተመታች መኪና የፊት ኤርባጓ በአብዛኛው አይከፈትም፤ ወለሏ ቢታጠፍም እንኳ። የኔዋ ምስክር ናት።

የሚያስፈራው ግን የፈነዳው ነው። ኤርባግ አንዴ ከተከፈተ ተመልሶ አይታጠፍም፤ በአዲስ መተካት አለበት። ውድ ስለሆነ አንዳንዱ ሽፋኑን ብቻ ገዝቶ ይገጥማል። ከሽፋኑ ሥር ባዶ ነው። የማስጠንቀቂያ መብራቱስ? አምፖሉን ያወጡታል፣ ወይም ሽቦውን ከሌላ መብራት ጋር አያይዘው አብሮ እንዲጠፋ ያደርጋሉ። ሬዚስተር በምትባል ርካሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኤርባጉ ያለ አስመስለው ኮምፒውተሩን የሚያታልሉም አሉ።

ስለዚህ ቁልፉን ስታዞሩ ዳሽቦርዱን እዩ። የኤርባጉ መብራት በርቶ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ፣ በራሱ ጊዜ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከዚያ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ብዙ ቀበቶዎች ጫፋቸው አካባቢ የምርት ቀን ያለበት ጨርቅ ተሰፍቶባቸዋል። ቀበቶው ከመኪናዋ በዕድሜ ካነሰ አንድ ነገር ሆኗል። በሬዚስተር የተሸወደን ኤርባግ ግን መብራት በማየት አታገኙትም፤ የሚያውቅ ባለሙያ ይክፈተው። መሪውን ራሳችሁ እንዳትፈቱት፤ ውስጡ ያለው የሚፈነዳ ነገር ነው።

«የታሪክ ሪፖርቱ ንጹሕ ነው»

በሻንሲ ቁጥር የመኪና ታሪክ የሚያወጡ አገልግሎቶች አሉ። ይጠቅማሉ። ግን ሪፖርት የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ኢንሹራንስ ሳይጠራ፣ ከኪሱ ከፍሎ ያስጠገነው ግጭት እዚያ ላይ የሚጻፍበት ምክንያት የለም። መኪና አገር ሲቀይርም ታሪኩ ሁልጊዜ አብሮ አይሻገርም። ሪፖርቱ «ተገጭታለች» ካለ እመኑት። ዝም ካለ፣ ዝም አለ ማለት ብቻ ነው።

«ኮምፒውተር ተሰክቶ ምንም የብልሽት ኮድ አላመጣም»

ላሜራ ሴንሰር የለውም። ኮዱንም ገዢ ከመምጣቱ በፊት ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው።

«መሪ አትስብም፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች»

አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ) በተወሰነ መጠን ስለሚስተካከል ትንሽ ጥመትን መደበቅ ይችላል። የማይዋሸው ጎማው ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። የኔዋ የግራ የኋላ ጎማ በሦስት ወር ከውስጥ በኩል ተበልቷል። ከውጭ ሲታይ ግን አዲስ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው አካሏን ከአምራቹ ልኬት ጋር በሚሊ ሜትር የሚያመሳክር መሣሪያ ወዳለበት ይውሰዳት።

«የተገጨች መኪና አትረባም»

ይሄ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ሻጮችን የሚያስዋሽ እሱ ስለሆነ። ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ በር፣ እነዚህ ተፈትተው የሚቀየሩ ናቸው። በሥርዓት ከተቀየሩ መኪናዋ ምንም አትሆንም።

ችግሩ አጥንቷ ሲነካ ነው። የዛሬ መኪኖች ፊታቸውና ኋላቸው በግጭት ጊዜ ተጨማዶ ኃይሉን እንዲውጥ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሐሳቡ የቤላ ባሬኒ ነው፤ የመርሴዲስ መሐንዲስ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. በወጣው የመርሴዲስ ሞዴል ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ያ ብረት የሚጨማደደው አንዴ ነው። ከታጠፈ በኋላ ተጎትቶ፣ በእሳት ተግሎ ቢቃና ቅርጹን ያገኛል፤ ጥንካሬውን ግን ላያገኝ ይችላል። በተለይ አዳዲሶቹ ጠንካራ ብረቶች በሙቀት ጥንካሬያቸውን ያጣሉ። ስለዚህ «ተገጭታለች ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። «የት ነው የተመታችው? ምኗ ተቀየረ? ፎቶ አለህ?» በሉ። ፎቶ ያለው ሻጭ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ የቀነሰ፣ «ተገጭታ አታውቅም» ከሚለው ይሻለኛል።

«ፈርሜ ተቀብያለሁ፣ አልቆልኛል»

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ብዙ ቦታ ግን ገዢ አይቶ ሊያውቀው በሚችል ጉድለትና በተደበቀ ጉድለት መካከል ልዩነት አለ። ሻጩ እያወቀ ከደበቀ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጊዜ ግን ይገድባል፤ በቶሎ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ምንም አታስነኩ። ፎቶ አንሱ፣ ገለልተኛ ባለሙያ ያየውን ጽፎ ይስጣችሁ፣ የሽያጭ ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን አስቀምጡ።

እኔ ተቃራኒውን አደረግኩ። ውሃው አናዶኝ መጀመሪያ አስፋቅኩት፣ አሳሸግኩት። ከዚያ ደወልኩ። ሻጩ ተረጋግቶ «ስሰጥህ ደህና ነበረች፤ የነካካሃት አንተ ነህ» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ማታ ስልኬን ስበረብር የድሮ መልእክቶቹን አገኘሁ። በራሱ እጅ «ተገጭታ አታውቅም፣ ላሜራዋ በሙሉ የፋብሪካ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። እሱን ከባትላሜራው ጽሑፍ ጋር፣ ውሃውን ባየሁበት ጠዋት ካነሳኋት አንዲት ብዥ ያለች ፎቶ ጋር አድርጌ ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ሰላምታም ሳይሰጠኝ፦

«ስንት ጨረሰብህ?»