የኦርተን-ጊሊንግሃም ዘዴ፦ ዲስሌክሲያ ያለበትን ልጅ ንባብ ማስተማር

ኦርተን-ጊሊንግሃም ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ ችግር) ያለባቸውን ልጆች ንባብ ለማስተማር አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው። ስሙ የመጣው ከሁለት ሰዎች ነው፤ ከነርቭ ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተንና ከመምህርቷ አና ጊሊንግሃም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዲስሌክሲያ የአእምሮ ማነስ አይደለም። ስንፍናም አይደለም። ልጁ ጨዋታ ያውቃል፣ የሰማውን ተረት አሳምሮ ይደግመዋል። የሚቸግረው የቃልን ድምፆች ለያይቶ ከፊደል ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። ችግሩ የዓይን ስላልሆነ ባለቀለም መነጽር አይፈታውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ይህን በ2009 በግልጽ ተናግሯል።

በ1896 እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ትምህርቱ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ጎበዙ እሱ ይሆን ነበር ብሎ መምህሩ መስክሮለታል።

ኦርተን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1925 በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ግሪን ካውንቲ ላይ ጊዜያዊ ክሊኒክ ከፈተ። መምህራን በትምህርት የደከሙባቸውን ልጆች እንዲልኩለት ጠየቀ። ከመጡት አንዱ ማንበብ ያልቻለ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። የአእምሮ ብቃት ፈተና (IQ) ውጤቱ 71፣ ማለትም ዝቅተኛ ነው። ኦርተን ግን ልጁን አነጋግሮ ቁጥሩን አላመነም። እዚህ ላይ ነው ትልቅነቱ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ልጁን አየ። ፊደል የሚገለባበጠው ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ስለሚሻሙ ነው ያለው ማብራሪያ በኋላ አልጸናም። ለማስተማር የሰጠው ምክር ግን ጸንቷል፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍና እጅ አብረው ይማሩ።

ምክሩን ወደ ትምህርት የለወጠችው ጊሊንግሃም ናት። ከባልደረባዋ ከቤሲ ስቲልማን ጋር ሆና በ1930ዎቹ አጋማሽ የመምህራን መመሪያ አዘጋጀች። ያኔ ዕድሜዋ ወደ 60 ተጠግቶ ነበር። ኦርተን በ1948 ሲሞት በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ማኅበር ተቋቋመ፤ የዛሬው ዓለም አቀፍ የዲስሌክሲያ ማኅበር እሱ ነው።

ትምህርቱ አንድ ለአንድ ወይም በትንሽ ቡድን ይሰጣል። አስጠኚዋ ካርድ ታሳያለች። ልጁ ፊደሉን ያያል፣ ድምፁን ጮክ ብሎ ይላል፣ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጽፋል። ከዚያ ድምፆቹን ገጣጥሞ ቃል ያነባል። የቃል ጽሕፈትም አለ። ያልተማረውን እንዲገምት አይጠየቅም። የዛሬ ስህተቱ የነገ ትምህርቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ትምህርት አይወስዱም።

በ2021 የታተመ የጥናቶች ግምገማ የዘዴውን ብልጫ በስታቲስቲክስ ማረጋገጥ አልቻለም። ሆኖም ውጤቱ ወደ በጎ ያዘነበለ ነበር፤ የተመዘኑት ጥናቶችም ጥቂት ናቸው። ፊደልንና ድምፅን በግልጽና በቅደም ተከተል ማስተማር እንደሚጠቅም ግን በ2000 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርት አረጋግጧል።

አሜሪካ የሚኖሩ የእኛ ወላጆች አንድ ነገር ይወቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን በነጻ እንዲመረምርላቸው በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። «እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ብቻውን በቂ አይደለም።

ዘዴው የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ንባብ ጥንቃቄ የሚሹት ቦታዎች ሌሎች ናቸው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ልጅ ሀሁን እንደ ዘፈን ይወጣዋል። መሃል ላይ «ሞ»ን ሲጠቁሙት ግን ዝም ይላል፤ ወይም ከ«መ» ጀምሮ ቆጥሮ ይደርስበታል። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ቀድሞ ያውቃል። ከሀሁ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚባለው ተራው ተሰብሮ ፊደሉ በመልኩ እንዲለይ ነው። ይህን ያሰበ የኔታ እግዜር ይስጠው! ሳድሱም አለ፤ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ባዶውን። መጥበቅና መላላት ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ነው። ስለዚህ አስጠኚው እንዲህ ያለውን ቃል ለብቻው አያስነብብም፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ፣ ሁለቱንም አጠራር ለልጁ አሰምቶ ነው።