ፕሪፍሎፕ ምንድን ነው? ሦስት ሰው ብቻ ሲቀርስ?

በቴክሳስ ሆልደም ፖከር መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይታደላል። ጠረጴዛው ላይ ገና ምንም የለም። ፍሎፕ የሚባሉት ሦስት የጋራ ካርታዎች ከመገለጣቸው በፊት የሚደረገው ውርርድ ነው ፕሪፍሎፕ የሚባለው። እዚህ በማወራበት፣ ሊሚት በሚባለው ጨዋታ ደግሞ የሚጨመረው መጠን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ያለኝን ሁሉ አስገብቻለሁ ብሎ ሰው ማስደንገጥ የለም።

ብዙዎቻችን የሰማነው ምክር "ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ጠብቅ" የሚል ነው። ዘጠኝ ሰው ሲቀመጥ ይሠራል። ግን ደሴ ላይ፣ ያውም በክረምት፣ ዘጠኝ ሰው ማን ይሰበስባል? አንዱን ብርዱ ከቤቱ አያስወጣውም። የኮምቦልቻው ልጅ ሐረጎን በጨለማ መውጣት አይፈልግም። መጨረሻ ላይ ሦስት ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ያኔ ያ ምክር ያከስራል።

ምክንያቱ ብላይንድ ነው። በየእደላው ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ የግድ የሚያስቀምጡት መነሻ ማለት ነው። እኛ የምንጫወተው በክብሪት እንጨት ነው (ብር ከገባበት ሐራምም ነው፣ ጠብም አያጣውም)። ትንሹ ብላይንድ 1 እንጨት፣ ትልቁ 2። ዘጠኝ ሰው ካለ በ9 እደላ 3 እንጨት ትከፍላላችሁ። ሦስት ስትሆኑ ያው 3 እንጨት በ3 እደላ ውስጥ ይሄዳል። ሁለት አስ በእጅ የሚገባው ደግሞ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው። እሱን ጠብቃችሁ አትችሉትም።

አንድ እደላ ጠጋ ብለን እንይ። ብላይንድ ያላስቀመጠው ሦስተኛው ሰው አዳዩ ነው፤ እሱ ቀድሞ ይወስናል፤ በእጁ ንጉሥና 9 ይዟል። "እስቲ ልግባ" ብሎ 2 እንጨት ብቻ ቢያስቀምጥ፣ ትልቁ ብላይንድ ፍሎፑን በነጻ ያያል። ማንንም አላስወጣም ማለት ነው። ሬይዝ ካደረገ (ከጨመረ) ግን 4 እንጨት አስቀምጦ መሀል ያለውን 3 ይፈልጋል። ሁለቱም ከ100 ከ57 ጊዜ በላይ ካርታቸውን ከጣሉ እዚያው አትርፏል። ያን ያህል ባይጥሉም ንጉሥ ይዟል፤ ከፍሎፕ በኋላም መጨረሻ የሚናገረው እሱ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚገባ ሰው ወይ ይጨምር ወይ ይጣል። መሀል ሰፋሪነት እዚህ አይሠራም።

አሁን በትልቁ ብላይንድ ቦታ እንቀመጥ። አዳዩ ወደ 4 ጨምሯል፣ ትንሹ ጥሎ ወጥቷል። መሀል 7 እንጨት አለ፣ የሚጠየቀው 2 ነው። ከ9 ጊዜ 2 ጊዜ፣ ማለትም 22 ከመቶ ገደማ ቢያሸንፍ ወጪውን ይመልሳል። ይህ ርካሽ ነው! በሦስት ሰው ጨዋታ በብዛት የማየው ጥፋት እዚህ ጋ ካርታን በቀላሉ መጣል ነው። ሌላው ቀርቶ የተናቀው 7 እና 2 እንኳ ካርታው እስከ መጨረሻ ቢገለጥ አስና ንጉሥን ከሦስት አንዴ ገደማ ያሸንፋል። እሱን ግን እኔም እጥላለሁ፤ በኋላ የሚመጣው ውርርድ ያችን ዕድል ይበላታል። ትንሹ ብላይንድ ዋጋው ይወደድበታል፣ ከኋላውም ያልወሰነ ሰው አለ፤ እሱ ደግሞ መጨመር ወይም መጣል ይሻለዋል።

ሦስተኛው እንቅልፍ መጣ ብሎ ሲሄድ ሁለት ትቀራላችሁ። ያኔ አዳዩ ራሱ ትንሹን ብላይንድ ያስቀምጣል፣ ፕሪፍሎፕ ላይም ቀድሞ ይናገራል። በዚህ የሁለት ሰው ሊሚት ላይ የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴፊየስ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው በ2015 ውጤቱን አሳትመዋል። ሴፊየስ አዳይ ሲሆን ሳይጨምር የሚገባው ከ10,000 እደላ 6 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። የሚገርመው ሌላው ነገር፣ ሁለት አስ ይዞ እንኳ የመጨረሻውን የተፈቀደ ሬይዝ ፕሪፍሎፕ ላይ አያደርግም ማለት ይቻላል፤ ከ10,000 አንዴ እንኳ አይሞላም። አሟልቶ ዝም ይላል። ተጋጣሚው ምን እንደያዘ ሳያውቅ ወደ ፍሎፑ ይገባል።