የተልባ፣ የአብሽና የፌጦ ዝልግልግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተልባ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ፣ የአብሽ ዱቄት ተዘፍዝፎ ሲመታ፣ ፌጦም ውኃ ነክቶት ጥቂት ሲቆይ የሚወጣው ዝልግልግ ነገር በሳይንሱ ሙሲሌጅ ይባላል። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ቢሆንም፣ ስለ ምንነቱ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከኬሚስትሪው ጋር አይገጥምም።

«የተልባ ዝልግልግ የዘሩ ዘይት ነው።» ተልባ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ዘይት ስለሆነና ዝልግልጉም ጣት ላይ እንደ ዘይት ስለሚያሙለጨልጭ፣ ይህ ስሕተት ቢለመድ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ዘይቱ ያለው በፍሬው ውስጥ ሲሆን ሙሲሌጁ የተከማቸው በቅርፊቱ ውጫዊ ሽፋን ሕዋሳት ነው። ሙሲሌጅ እጅግ ብዙ የስኳር ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊሳካራይድ ነው፤ በየስኳሩ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምረቶች) የውኃ ሞለኪውሎችን በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚይዙ ጥቂቱ ብዙ ውኃ ያወፍራል። ያልተፈጨ ተልባ ዘፍዝፎ ማየት ይበቃል፦ ውኃው ይወፍራል፣ ከላዩ የሚንሳፈፍ ዘይት ግን የለም።

«ስኳር ከሆነማ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።» አያደርግም። የሰው ኢንዛይሞች የስታርችን ትስስር እንጂ የእነዚህን ሰንሰለቶች ትስስር መቁረጥ አይችሉም፤ ሙሲሌጁ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች አብላልተው እንደ አሴቴትና ቡቲሬት ወዳሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ይለውጡታል። እንዲያውም ወፍራምነቱ ከሌላው ምግብ የሚገኘው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

«የሁሉም ዘር ዝልግልግ አንድ ነው።» ከሁሉ ይልቅ ሊታረም የሚገባው ይህ ይመስለኛል። የተልባው የሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች ድብልቅ ነው፤ አብዛኛው ዛይሎስ የተባለውን ስኳር ግንድ፣ አራቢኖስ የተባለውን ቅርንጫፍ ያደረገ፣ ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለው አራቢኖዛይላን ሲሆን፣ ቀሪው ራምኖስ የተባለው ስኳርና ጋላክቱሮኒክ አሲድ እየተፈራረቁ የሚሠሩት አሲዳዊ ክፍል ነው። የአብሹን ግን በጥብቅ ከተናገርን የቅርፊት ሙሲሌጅ ልንለው አንችልም፤ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ኢንዶስፐርም በተባለው የዘሩ ክፍል ውስጥ ለሚበቅለው ቡቃያ ስንቅ ሆኖ የተቀመጠ፣ ጋላክቶማናን የተባለ ፖሊሳካራይድ ነው። ግንዱ ማኖስ የተባለው ስኳር ነው፤ ጓር በተባለው የጥራጥሬ ተክል ዘር በየ2 ማኖስ ገደማ 1 ጋላክቶስ የተባለ ሌላ ስኳር ሲንጠለጠል፣ በአብሽ በእያንዳንዱ ማኖስ ላይ ለማለት በሚያስደፍር መጠን 1 ይንጠለጠላል። ይህ የጋላክቶስ ብዛት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ስለሚከላከል አብሽ በቀዝቃዛ ውኃም በደንብ ይሟሟል። ተልባ ሳይፈጭ ዝልግልጉን ሲለቅ አብሽ መፈጨት የሚያስፈልገውም የአንዱ ሀብት ከውጭ፣ የሌላው ከውስጥ ስለሆነ ነው። እናቶች ከተዘፈዘፈው አብሽ ላይ የጠለለውን ውኃ ሲደፉ የሚሄደው በውኃው የሟሟው መራራ ነገር ነው፤ ሲመታ የሚነጣው ደግሞ አየር ስለሚገባበት ነው።

«ፌጦ የሚያቃጥለው በዝልግልጉ ምክንያት ነው።» የስኳር ሰንሰለት አያቃጥልም። ፌጦ ሲወቀጥና ውኃ ሲያገኝ ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም በዘሩ ውስጥ ያለውን ግሉኮትሮፔኦሊን የተባለ ውሁድ ይሰብረዋል፤ ከዚያ የሚወጣው ቤንዛይል አይሶታዮሳያኔት የተባለው ውሁድ ነው የሚያቃጥለው።

«ዘሩ ዝልግልግ ካወጣ መብቀል ጀምሯል።» ሙሲሌጁን የሚይዙት ሕዋሳት ዘሩ ሲደርስ ሞተዋል። ውኃ ሲነካቸው የደረቀው ፖሊሳካራይድ አብጦ ግድግዳቸውን ይቀድዳል፤ ይህ በሞተ ዘርም ላይ የሚታይ ተራ ፊዚካዊ ክስተት ነው።

«መቁላት ያጠፋዋል።» ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል፤ ምጣድ ላይ ተንጫጭቶ ሙቀጫ የገባው ተልባ ውኃ ሲያገኝ መወፈሩ ራሱ መልስ ነው።

«ሎሚና ጨው ያቀጥኑታል» የሚለው በከፊል እውነት ነው። የተልባው አሲዳዊ ሰንሰለቶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ተገፋፍተው ይዘረጋሉ፤ ጨው ይህን ሙል ሲጋርደው፣ ሎሚም ሲያዳክመው ሰንሰለቱ ስለሚሰበሰብ ውፍረቱ ይቀንሳል። ሙል የሌለው የአብሽ ጋላክቶማናን ግን ለዚህ እምብዛም ግድ የለውም።

«ደረቁን ዱቄት ውጦ ውኃውን በኋላ መጠጣት ያው ነው።» ይህ ስሕተት አደገኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1998 የሲሊየም (ዘሩ እንደነዚህ ዝልግልግ የሚያወጣ ተክል) ዘር ገለፈት በቂ በሆነ መጠን፣ የሚረጋ (ሳቹሬትድ) ስብና ኮሌስትሮል ባነሰበት አመጋገብ ሲወሰድ የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ እንደሚችል በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ነገር ግን ያለ በቂ ፈሳሽ ከተወሰደ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ ሊያንቅ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም ይጠይቃል። ውኃ የመሳብ ችሎታው ከሆድ በፊት ጉሮሮ ላይም ይሠራልና። የመድኃኒትን መመጠጥም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ክኒን የሚወስድ ሰው ሁለቱን በሰዓታት ቢያራርቅ ይሻለዋል።