ተጨማሪ ምግብ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ላይ ጤፍ ሻጯ ጣሳውን ሞልታ ከገለበጠች በኋላ ገዢዋ «እስኪ መርቂልኝ» ትላለች። ሻጯም አንድ እፍኝ ታክላለች። ምራቂ ማለት ይኸ ነው። ለመመረቅ ብላ ከተሰፈረው ላይ የምትቀንስ ሻጭ የለችም፤ ብትኖርም ጠብ ይነሣል። ተጨማሪ ምግብ ደግሞ የሕፃን ምራቂ ነው፦ የእናት ጡት ወተት እንዳለ ሆኖ ከ6 ወር ጀምሮ በላዩ የሚታከል ምግብ።

ይህን ያህል ግልጽ ቃል ይዘን ነው እንግዲህ «ተጨማሪ ምግብ ማለት ልጁን ከጡት የሚያላቅቅ ምግብ ነው፤ አጥሚቱን ጠጥቶ ከጠገበ ጡቱን ቀንሱለት» የሚል ምክር የሚዞረው። ወንድሜ፣ ስሌቱን አይተኸው ታውቃለህ? 100 ሚሊ ሊትር የእናት ጡት ወተት ከ65 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ የሚቀጥነው አጥሚት፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ (10 ግራም ገደማ) ዱቄት ከሆነ፣ 35 ቢሰጥ ነው። የወተቱ ግማሽ! የ8 ኪሎ ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ያን በአጥሚት ከሞላችሁት ጡት አይፈልግም፤ «ጠገበ» ያላችሁትም የጠገበው ውኃ ነው። ሻጯ አንድ ጣሳ ጤፍ መልሳ ወስዳ አንድ ጣሳ ገለባ መረቀች ማለት ነው።

ስለዚህ ጡጦውን ተዉትና በማንኪያ የሚበላ ገንፎ ሥሩ። 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲበስል ማንኪያው ቢዘነበል ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ይወጣዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ሲታከል 40 ኪሎ ካሎሪ ይጨምራል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከምግብ የሚፈልገው በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከሁለት ሦስት ማንኪያ ተነሥቶ ቀስ በቀስ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ግማሽ ስኒ (ስኒ ስል የቡናውን ሳይሆን 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው) ቢደርስ ይበቃዋል።

«ወፍራሙን እንቢ ይላል» ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ውኃ የሚጨመረውም ለዚያ ነው። ግን ለጠላ የምታበቅሉት ብቅል እዚህም ያገለግላል። ገብስ ወይም ዳጉሳ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ሁለት ሦስት ቀን በቅሎ፣ ደርቆና ቡቃያው ታሽቶ ከወጣለት በኋላ ይፈጫል። ገንፎው ከእሳት ወርዶ ትንሽ በረድ ሲል፣ ጣት የማያስቆም ሙቀት ሳለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል፤ ገንፎውን የሚያወፍረው የእህሉ ስታርች ተሰባበረ እንጂ ውኃ አልተጨመረበትም። ከዚያ ብቅሉ ጥሬ ስለሆነ መልሳችሁ አንድ ጊዜ አፍሉት። የማሽላ ብቅል ከሆነ ቡቃያውና ሥሩ መርዛማነት ስላለው ሙልጭ ብሎ ይውጣ፤ ባይሆን ገብሱን ምረጡ። የሻገተ ብቅል ለጠላም ለሕፃንም አይሆንም።

ሌላው የሚያናድደኝ «12 ዓይነት እህል ያለበት ምጥን» የሚባለው ኩራት ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ ሲቆጠሩ ሰባት ናቸው፤ ለሕፃኑ ግን አንድ ምድብ ናቸው። ሽምብራና ባቄላ ሲገቡ ሁለት ሆነ። የሕፃን ምግብ የሚመዘነው በ8 ምድብ ነው፤ የጡት ወተት ራሱ አንዱ ሲሆን በቀን ቢያንስ 5 መድረስ አለበት። ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ ከሆነ ምጥኑ አለቀ። የቀረውን ድካም ለእንቁላል፣ ለካሮት፣ ለጎመንና ለማንጎ አውሉት። ለውዝ የምታስገቡ፣ የተሸበሸበውንና የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ።

ምራቂ ያልኩት ነገር አንድ ቦታ ላይ ይሰበርብኛል። ገበያ ላይ ምራቂ ባይሰጥም ጤፉ ጤፍ ነው፤ እዚህ ግን ከ6 ወር በኋላ ምራቂው ግዴታ ነው። ሕፃኑ ከማህፀን ይዞት የወጣው ብረት በዚያ ዕድሜ እየተመናመነ ይሄዳል፣ በጡት ወተት ውስጥ ያለውም ትንሽ ነው። «ጡት እስከ ዓመቱ ይበቃዋል» የሚሉትም እንግዲህ ተሳስተዋል። ብረቱ በቀላሉ የሚገኘው ከሥጋና ከጉበት ነው፤ ጉበት በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ከምግቡ ጋር ሻይ የምታጠጡ ደግሞ ያበላችሁትን ብረት ታስቀሩበታላችሁ።

6 ወር ሲባል 180 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ልክ ይመጣል፤ ጳጉሜ መሃል ከገባች ግን ቀኑን ቁጠሩ። ማር፣ የቱንም ያህል የጎጃም ነጭ ማር ቢሆን፣ ከ12 ወር በፊት አይቀመስም፤ ቦቱሊዝም የሚባለው አደገኛ የመመረዝ በሽታ ዘር ሊኖርበት ይችላል፣ የሕፃን አንጀት ደግሞ ገና አይከላከለውም።

ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ የማይቀምስ ሕፃን ይገርመኛል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ይለያል። ነጭ ዓሣ ግን በሥጋው መሃል ቀጫጭን እሾህ አለው፤ ለሕፃን አልመክረውም። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ቤት አለ፤ አምባዛው ግድ አይደለም። ቀረሶውን በደንብ ቀቅሉት፣ ሲበርድ በዓይን ሳይሆን በጣት እየዳሰሳችሁ ፈልፍሉት፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያውን ገንፎው ላይ አሽታችሁ ለውሱት።

በጾም ወራት እንቁላሉም ሥጋውም ከሕፃኑ ሳህን ይጠፋል። ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል፤ የሚፈራው ድስቱ እንዳይነካ ነው። ለልጁ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለዩለት፤ ለብቻቸው ይታጠቡ፣ ለብቻቸው ይቀመጡ።