ኦፒሊዮን ምንድን ነው?

በሐረር ጀጎል በአሮጌ ቤት ጓዳ ጥግ ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ እንደ ክር የቀጠኑ ረጃጅም እግሮች ያሉት ፍጥረት በተዘበራረቀ ድር ላይ ተዘቅዝቆ ሊያገኝ ይችላል፤ ድሩን ሲነኩበት መልኩ እስኪደበዝዝ ድረስ ይርገበገባል። ይህ ሸረሪት ነው። ኦፒሊዮን ከዚህ ሸረሪት ጋር የሚምታታው በእግሩ ርዝመት ብቻ ነው፤ ከሸረሪት፣ ከጊንጥና ከመዥገር ጋር ቢዛመድም የራሱ ክፍለ መደብ ያለው ባለ ስምንት እግር ፍጥረት ሲሆን፣ እስካሁን ከ6,500 የሚበልጡ ዝርያዎቹ ተመዝግበዋል። ስሙ የተወሰደው በላቲን «እረኛ» ከሚለው ቃል ነው።

ሁለቱን ለመለየት ወገባቸውን ማየት ይበቃል። የሸረሪት ገላ ወገቡ ላይ ጠብቦ ለሁለት ይከፈላል፤ የኦፒሊዮን ደረትና ሆድ ግን በሰፊው ስለተገጣጠሙ ገላው አንድ የምስር ፍሬ ይመስላል። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን ሲኖራቸው፣ እርሱ ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ካለች ጉብታ ግራና ቀኝ የሚያዩ ሁለት ዓይኖች ብቻ አሉት። ድር አያደራም፤ መርዝም የለውም፣ ስለ መርዙ የሚወራው ሁሉ መሠረት የለውም።

ሲሄድ በርጋታ ለተመለከተው ሰው፣ ከሁሉ የሚረዝመውን ሁለተኛውን ጥንድ እግር እንደ ዓይነ ስውር ዘንግ ከፊቱ እየዘረጋ መሬቱን ሲዳስስ ይታያል። ጠላት እግሩን ከያዘበት ቆርጦ ጥሎለት ያመልጣል፤ የተቆረጠው እግር ለጥቂት ጊዜ እየተወራጨ አሳዳጁን ያዘናጋል፣ ዳግመኛ ግን አይበቅልም። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሲነኩ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያመነጫሉ። ሸረሪት ምግቡን አፍርሶ ፈሳሹን ሲመጥ፣ ኦፒሊዮን የሞተ ነፍሳትን፣ እንጉዳይንና የወደቀ ፍሬን እየቆረሰ ይበላል።

ገላው እርጥበት ቶሎ ስለሚያጣ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። ስለዚህ ሊፈልገው ያሰበ ሰው፣ ከድሬዳዋ ቆላ ይልቅ ከደንገጎ በላይ ያለውን ደጋ ቢመርጥና በክረምት የበሰበሰ ግንድ ሥርና ጥላ ያለበትን ድንጋይ ቢያይ ይሻለዋል፤ ጊንጥም እዚያው ስለሚያድር ድንጋዩን በእጅ ሳይሆን በዱላ መገልበጥ ይገባል። ካገኘው ጥቂት ይታገሥ፦ እንስሳው ሲረጋጋ ረጅሙን እግር ጎንበስ አድርጎ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ በመንጋጋው መካከል እየሳበ ያጸዳዋል።