ሲልቨር ሳያናይድ፦ የብር ልባጥ ጨው

ባቲ ሰኞ ገበያ የቆየ አምባር የሚገዛ ሰው ጠርዙን አገላብጦ ማየት ይኖርበታል። ከልብስና ከእጅ ጋር ሲፋተግ የኖረው ጠርዝ ቀላ ብሎ መዳብ ከታየበት፣ አምባሩ ብር የተለበጠ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ልባጥ ዋና ጥሬ ዕቃ ደግሞ ሲልቨር ሳያናይድ የሚባለው ጨው ነው።

ጨው ቢባልም ከገበታ ጨው ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም። ነጭ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ ዱቄት ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ከክብደቱ 80.6 በመቶው ብር ነው። በተራ ውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ፖታሲየም ሳያናይድ ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ጥርት ብሎ ይሟሟል፤ እያንዳንዱን የብር አተም ሁለት ሳያናይዶች (የካርቦንና የናይትሮጅን ጥንዶች) ግራና ቀኝ ይይዙታል።

ይህ አያያዝ ነው ሥራውን ያሳመረው። መዳብ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ሌላ የብር ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ቢነከር ብሩ ያለ ኤሌክትሪክ ወዲያው ይለጠፍበታል፤ ነገር ግን ጥላሸት መስሎ፣ ልል ሆኖ፣ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ነው። ሳያናይድ ብሩን አጥብቆ ስለሚይዘው እንዲህ መቸኮል አይችልም። ኤሌክትሪኩ በሰጠው መጠን ብቻ እየወረደ ደቃቅና ጥብቅ ሆኖ ይለብሳል። 1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲፈስ 4 ግራም ያህል ብር ያወርዳል። እንግሊዛውያኑ ኤልኪንግተኖች በ1840 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጡበት ዘዴ እስከ ዛሬ በማንኪያና በሹካ፣ በሙዚቃ መሣሪያና በኤሌክትሪክ መገናኛዎች ላይ ይሠራበታል። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራም አይሶሳያናይድ የሚባሉ ውህዶችን ለመሥራት ያገለግላል።

የወሎ አንጥረኛ የቆየ መንገድ ሌላ ነው። ጠገራ ብሩን አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ድሪና አልቦ ያወጣ ነበር። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 23 ግራም የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ገጽታው 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነን አምባር በ10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ) ውፍረት ለመለበጥ ግን ግማሽ ግራም ይበቃል። አንዱ ጠገራ ከ40 በላይ አምባር ይለብጣል ማለት ነው። ልባጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ልባጡን በድፍን ብር ዋጋ መሸጡ ነው።

መርዝነቱን በተመለከተ ማለባበስ አይገባም። ሳያናይድ የሰውነት ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ሊገድል ይችላል። የልባጡ ውሃ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ጌጥ የምናጠራበት ሎሚ እንኳ አሲድ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። መራራ ለውዝ የመሰለውን ሽታውን ደግሞ ሁሉም ሰው አያሸተውም። ስለዚህ ይህ ሥራ የአየር መሳቢያ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የፍሳሽ ማጣሪያ ያለው ቦታ ይፈልጋል፤ ከማድ ቤትና ከጓሮ መራቅ አለበት።

በሚገባ ታጥቦ የወጣ የተለበጠ ጌጥ ግን ሳያናይድ ይዞ አይቀርም፤ ለባሹን አያሠጋም። በአመድ መፈተግ ብቻ አይስማማውም፤ ልባጡ ስስ ስለሆነ ይላጣል። በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ቢጸዳ ይበቃዋል።